የባለወፍጮው ሹክሹክታ

በዚያ ሰፈር ምስጢር ያለው ሰው ለማንም ቢነግር ለባለወፍጮው አይነግርም ነበር። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ነገር የማያመላልስ፣ ሐሜት የማይወድ ጨዋ ሰው ነው። ችግሩ ድምፁ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሚያገሳ ሞተር አጠገብ ኖሮ ጆሮው ደክሟል፤ ጆሮው በደከመ ቁጥር ደግሞ ድምፁ ጎልብቷል። ሌላው ሰው ከሩቅ ሲጣራ የሚያወጣውን ድምፅ እሱ ለማንሾካሾክ ይጠቀምበታል። የአንዱን ክንድ ይዞ ወደ ጥግ ወስዶ፣ ግራና ቀኝ ገልመጥ ብሎ፣ አፉን በእጁ ጋርዶ «ይህ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር» ሲል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ነው።

ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከራሱ ከባለወፍጮው በቀር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ልጁ የተገላቢጦሽ ነች። ትምህርቷን ጨርሳለች፤ ቁመቷም የአባቷን አልፏል፤ ድምጿ ግን አብሯት አላደገም። ስትናገር የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው እያሉ ሰፈርተኞቹ «ትንፋሽ» አሏት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። እናቷ ፊት ለፊት ባለችው ሱቅ ስኳርና ሳሙና እየሸጠች ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች፤ ተራ ጠባቂዎቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ይጯጯሃሉ፤ አባቷ ከሁሉም በላይ ይጮሃል። በዚህ መሐል ትንፋሽ አንድ ነገር ጀምራ እስክትጨርስ የሚጠብቃት ሰው ተገኝቶ አያውቅም። ቀስ በቀስ መጀመሩንም ተወችው።

ወፍጮው በሚሠራበት ሰዓት ግን የእሷ ዝምታ አይታወቅም። ያኔ የሚነገረው በእጅ ነው። መዳፍ ወደ ታች ሲሆን፣ እህሉን ቀስ አድርገህ ጨምር ማለት ነው። ሁለት ጣት ሲፋተግ፣ ዱቄቱ ሻክሯል። ጭብጥ እጅ ከራስ በላይ ሲነሳ ደግሞ፣ ሞተር ዝጋ። በዚህ በመጨረሻው ላይ ክርክር የለም። ትንፋሽ ገና ልጅ ሳለች፣ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ሲጢጥ ሲል ሰምታ እጇን አነሳች። አባቷ «ምን ሆንሽ?» ሊል አፉን ሲከፍት ቺንጋው ተበጠሰና በጆሮው ሥር አልፎ ኮፍያውን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፦ እጅ ሲነሳ መጀመሪያ ዝጋ፤ ቀጥሎ ዝም በል፤ ጥያቄህን እጁ ሲወርድ ትጠይቃለህ። ዝም የሚባለው ትንፋሽ እንድታዳምጥ ነው። ድንጋዩ ሊቆም ሲል የሚያሰማውን ድምፅ ሰምታ፣ የታመመው የቱ ጋ እንደሆነ በጣቷ ታሳያለች።

ባለወፍጮው ለሰው ሲያወራ «ልጄን ሥራ እያስለመድኳት ነው» ይላል። ጆሮዬ ሆናለች ብሎ ግን አንድ ቀን አልተናገረም።

ጦር አካዳሚ የመግባት ሐሳብ የመጣባት ጎርፍ ድልድዩን በወሰደ ጊዜ ነው። የአካዳሚው ተማሪዎች ሊጠግኑት ሲመጡ ሰፈሩ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሰው የተደነቀው በክሬኑ ነበር፤ ትንፋሽ የተደነቀችው በጸጥታው። አንዲት መኮንን ትናገራለች፤ ሌላው ይሰማል፤ ተናግራ ስትጨርስ ሥራው ይጀመራል። ማንም አላቋረጣትም። ማንም «ቆይ አንቺ፣ መጀመሪያ የእኔን ስሚኝ» አላላትም።

«ሰው በተራ የሚናገርበት ቦታ አለ ማለት ነው!» አለች ትንፋሽ በልቧ።

ሌላው ለማዕረጉ ይመኘዋል፤ ሌላው ለመለዮው። እሷ ወታደርነትን የተመኘችው ለጸጥታው ነው፤ ይህን ለሰው ብትናገር እንደሚሳቅባት ስለምታውቅ ለማንም አልተናገረችም። ማመልከቻውን ደብቃ ጽፋ፣ ደብቃ ወስዳ፣ ለአካዳሚው ጸሐፊ ሰጥታ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ፍርሃት ያዛት። «እኔ? ማንን ነው የማዘው?» ብላ ማመልከቻዋን ልታስመልስ ተመለሰች።

«ይቅርታ፣ የሰጠሁሽን ወረቀት ብትመልሺልኝ» አለች።

«አልሰማሁሽም» አለች ጸሐፊዋ።

«ወረቀቱን ብትመልሺልኝ…»

«እህቴ፣ ጮክ በይ፤ ሰው ከኋላሽ አለ።»

ትንፋሽ ከኋላዋ ያለውን ሰው አየችና አፍራ ወጣች። እንግዲህ እውነቱ ይነገር ከተባለ ማመልከቻዋን ያጸናው ድፍረቷ ሳይሆን የድምጿ ማነስ ነው።

ፈተናውን አለፈች። ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ደግሞ ከወላጇ ጋር እንድትመጣ ታዘዘች፤ የአካዳሚው ደንብ ወላጅ በአካል ቀርቦ «ፈቅጃለሁ» ካላለ ልጅ አይቀበልም። ስለዚህ መንገር ግድ ሆነ። ራት ላይ አንገቷን ደፍታ ነገረቻቸው።

«ምን አለች?» አለ አባቷ ወደ እናቷ ዞሮ።

እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ወታደር ልሆን ነው አለች!» ብላ ጮኸችለት።

ከማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ወታደር? ይቺ?» አለ ባለወፍጮው። «ይቺ ልጅ እኮ ድመቷን ከወንበር አስነስታ አታውቅም! ድመቷ ነች እሷን የምታስነሳት!»

«በብርድ ሜዳ ላይ ያስተኟታል» አለች እናቷ። «ደግሞ ጸጉራቸውን ይቆርጡታል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እማዬ፣ ጸጉር እኮ ይበቅላል።»

«ልጅ አይበቅልም!»

ትንፋሽን የከፋት የድመቷ ነገር እውነት መሆኑ ነው። በዚያች ሰዓትም ድመቷ ወንበሯን ይዛባት፣ እሷ በርጩማ ላይ ነበር የተቀመጠችው።

ባለወፍጮው ጥቂት አላመጠ፣ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ ፊቱ በራ። «ደህና! አብሬሽ እመጣለሁ» አለ። ትንፋሽ ደነገጠች። አባቷ በአንድ ጊዜ እሺ ያለበትን ቀን ስለማታስታውስ፣ ከዚህ እሺታ ጀርባ አንድ ነገር እንዳለ ገባት። ምን እንደሆነ ለማወቅም ብዙ አልጠበቀች። ወደ መኝታዋ ገብታ በሩን እንደዘጋች፣

«አንቺ፣ ስሚኝ፤ ልጅቷ እንዳትሰማ» ሲል አባቷ አንሾካሾከ። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። «አለቃቸውን ለብቻው ጥግ እይዘዋለሁ። ደረቷ ደካማ ነው እለዋለሁ። ያኔ ራሱ ይመልሳታል። እኛ ፈቀድን፤ እነሱ እምቢ አሉ። ቂም የለ፣ ኩርፊያ የለ!»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች።»

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ አንቺም አትሰሚኝም!»

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መንገዱን ተሻግራ መጣች። «ውይ ትንፋሽዬ! ደረትሽ ደካማ ነው ሊሉሽ እኮ ነው። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እኔ ደግሞ ልንገርሽ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ማደሬ!»

ተራ ጠባቂዎቹም ሰምተዋል። አንዷ ሴትዮ ስንዴዋን እያስመዘነች «ጋሼ፣ ደረት አይበሉ፤ ደረት በመሣሪያ ይታያል። ወገብ ይበሉ» አለችው። የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ ደግሞ በበሩ ብቅ ብሎ «ወገብማ ያስነቃል። በእንቅልፍ ልቧ ትሄዳለች ቢሏቸው ነው የሚሻለው፤ ጠመንጃ ይዛ ስትዞር ትታያቸዋለች» ብሎ መከረ። ባለወፍጮው አፉ ተከፍቶ ቀረ። ወደ ሱቁ ሮጦ ሚስቱን አፋጠጠ።

«አንቺ ነሽ የተናገርሽው! ምስጢር መያዝ አትችዪም አይደል?»

እናቷ ስኳር እየመዘነች ዝም ብላ አየችው። ከዚህ ሰው ጋር እስከ ዛሬ የኖረችው አንዳንድ ነገር በዝምታ እያለፈች ነው።

ትንፋሽ ግን ተብሰለሰለች። አባቷን ፊት ለፊት መናገር አልሆነላትም፤ ብትናገርም «እ?» ይላታል። ደግሞስ ውሸቱን ባይናገርስ? የመጮህ ፈተና እንዳለ ሰምታለች፤ እጩዎች ሜዳ ላይ ቆመው ትእዛዝ ይሰጣሉ ይባላል። አባቷ ዝም ቢል እንኳ ድምጿ ራሱ ያጋልጣታል። ስለዚህ ቢያንስ መጮህ ልማር ብላ ቆረጠች፤ የምትለማመድበትንም ቦታ አገኘች። ወፍጮው ሲያገሳ ከኋላው ቆማ ብትጮህ ማን ይሰማታል?

ወደ ግድግዳው ዞራ «ተጠንቀቅ!» አለች። ራሷም አልሰማችውም። ደስ አላት። «አሳርፍ! ወደፊት ሂድ! ቁም!» ቀን በቀን ደረቷን ነፍታ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ጮኸች። ድምጿ እንደ አንበሳ የሚያገሳ መሰላት። እርግጥ ነው፣ የሚያገሳው ሞተሩ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳንባዋን ሞልታ «ወደ ቀኝ ዙር!» ስትል መብራት ጠፋ።

ሞተሩ ቀጥ አለ። በጸጥታው መሐል «ዙር!» የምትለዋ ቃል እንደ ጫጩት ድምፅ ጪው ብላ ወጣች። ተራ ጠባቂው ሁሉ አንገቱን ቀና አደረገ። ከመካከላቸው አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ በቆሎውን እንደተሸከመ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ዞረና ተረከዙን ጓ አደረገ። ከዚያ ራሱን ታዘበ።

«ማነው ያዘዘኝ?» አለ ተቆጥቶ።

ሳቁ ወፍጮ ቤቱን ናጠው። ትንፋሽ በዱቄት ጆንያዎቹ መሐል ተቀምጣ ፊቷን ሸፈነች። አንበሳዋ ጫጩት ሆና ተገኘች። ጡረተኛው ተራው ደርሶ ዱቄቱን ሲቀበል ጎንበስ ብሎ «ድምፁ ይቅር፤ ግን ዞሬያለሁ» አላት። ቁጣ ይሁን ምርቃት አልገባትም።

ቀኑ ደረሰ። አካዳሚው ግቢ ውስጥ ድንጋዩ ሳይቀር ኖራ ተቀብቷል፤ የዛፎቹ ግንድ እስከ እኩሌታው ድረስ ነጭ ነው። እጩዎቹ በጠጠር ሜዳው ዳር ተደርድረዋል፤ ወላጆች ከቢሮው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለወፍጮው የክት ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩ ውስጥ ግን ዱቄት ቀርቶበት፣ ዓይኑን ከአዛዡ ከሻለቃው ላይ አልነቀለም።

ፈተናውን የሚመሩት ሃምሳ አለቃ ጢማቸው የተከረከመ፣ ቀልዳቸው የማያስቅ ሰው ናቸው። አንዱ እጩ ነጩ መስመር ላይ ይቆማል፤ ሌሎቹ ከሜዳው ወዲያ ጫፍ ይሰለፋሉ፤ እሱ ያዛል፤ እነሱ ይፈጽማሉ። ከትንፋሽ በፊት የነበረው ወጣት ሲጮህ ከጣሪያው ላይ ርግቦች ተነሱ። ትንፋሽ ርግቦቹን እያየች፣ አሁኑኑ አብሬያቸው በበረርኩ አለች።

ተራዋ ደረሰ። መስመሩ ላይ ቆመች። አንድ መኪና በግቢው ዳር ያንኮራፋል፤ ወላጆቹ ያወራሉ፤ ከሩቅ መዶሻ ይሰማል።

«ተጠንቀቅ» አለች።

ሰልፉ ውስጥ አንዱ አፍንጫውን አከከ።

«ተጠንቀቅ!»

«እህቴ» አሉ ሃምሳ አለቃው፤ «ለጆሯቸው ነው ወይስ ለራስሽ የምትነግሪው? ቁርስ አልበላሽም?»

ሰልፉ ሳቀ። እንግዲህ ትንፋሽ የፈራችው ደረሰ፤ ይህን ያህል ቀን ግድግዳ ላይ የጮኸችው ሁሉ ከንቱ ቀረ። «አባዬ ልክ ነው» ብላ አሰበች፤ «ድመት እንኳ አላስነሳም።» ይቅርታ ጠይቃ ከመስመሩ ልትወጣ አንድ እግሯን አነሳች።

ልክ በዚያች ቅጽበት ከቢሮው በኩል አንድ ሹክሹክታ በሜዳው ላይ ተንከባለለ።

«ጌታዬ! ይህ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር!»

ትንፋሽ ዞረች። አባቷ ሻለቃውን በክርናቸው ይዞ ኖራ የተቀባ ዛፍ ሥር ወስዷቸዋል። ግራ ቀኝ ገልምጧል። አፉንም ጋርዷል።

«ልጅቷ መልካም ልጅ ነች! ግን ደረቷ ደካማ ነው! ሌሊት ሌሊት ታስላለች!»

ሜዳው በሙሉ ጆሮውን አቀና። አንዱ ወላጅ «ውይ፣ እግዜር ይማራት» አለ። ሰልፉ ሳቁን አፍኖ ተንቀጠቀጠ።

«ደግሞ በእንቅልፍ ልቧ ትሄዳለች! ጠመንጃ ይዛ ስትዞር…»

የትንፋሽ ጆሮ ጋለ። ምን እያደረገች እንደሆነ አላሰበችም። ከማሰቧ በፊት ክንዷ ያውቅ ነበር። ጨበጠች፤ ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ አነሳች።

ባለወፍጮው አያት። ቃሉ ከአፉ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ግራ እጁ አየሩን ጨብጦ፣ ማብሪያ ማጥፊያው አለ ብሎ ባሰበበት በኩል ወደ ታች ሳበ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ ሻለቃው።

ዝም።

«አባት፣ ምን ሆኑ? አመመዎት?»

ባለወፍጮው ላብ ላብ አለው እንጂ ቃል አልወጣውም። የትንፋሽ እጅ አልወረደማ! በአገጩ ብቻ ወደ ሜዳው ጠቆመ። ሻለቃው ዞረው አዩ። ሻለቃው ሲያዩ ወላጆቹ አዩ። ወላጆቹ ሲያዩ የመኪናው ሾፌር ምን ተፈጠረ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ባለመዶሻውም አንድ ነገር እንዳመለጠው ጠርጥሮ መዶሻውን አስቀመጠ። ግቢው ውስጥ የቀረ ድምፅ ቢኖር ወደ ጣሪያው የተመለሱት ርግቦች ብቻ ናቸው።

ትንፋሽ ከልማዷ የተነሳ አዳመጠች። እንዲህ ያለ ጸጥታ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ደግሞ የእሷ ነበር። የፈለገችውን የምትሞላበት ባዶ ዕቃ ሆኖ ፊቷ ተቀምጧል።

«ተጠንቀቅ» አለች። አልጮኸችም። ጨው አቀብለኝ እንደማለት ነው ያለችው።

ሰልፉ ጓ አለ።

«ወደ ቀኝ ዙር።»

ሰልፉ ዞረ። ባለወፍጮው ትእዛዙን አልሰማም፤ ግን ሰው ሁሉ ሲዞር አይቶ ከሰው ላለመለየት እሱም ዞረ፤ ክርናቸውን ስላልለቀቀ ሻለቃውንም አዞራቸው።

ሃምሳ አለቃው ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ቀልድ ፈልገው ያጡ ይመስላሉ። ሻለቃው ክርናቸውን አስለቅቀው ወደ መስመሩ መጡና ትንፋሽን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«እዚህ የሚጮህ ሞልቶናል» አሉ ለሃምሳ አለቃው። «ዝም የሚያሰኝ ነው ያጣነው።» ከዚያ ወደ እሷ፤ «በይ እጅሽን አውርጂ፤ አባትሽ ሊታፈኑ ነው።»

እጇን አወረደች። ባለወፍጮው ከውኃ እንደወጣ ሰው ተነፈሰ። ሻለቃው ተመልሰው ሄዱ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አባት፣ ቃልዎን እፈልጋለሁ። ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም?» አሉት።

ትንፋሽ ከመስመሩ አልተነቃነቀችም። አሁን ሁሉም ነገር በእሱ አፍ ላይ ነው፤ ዳግመኛ እጇን ልታነሳ አትችልም፤ ይህን እሱ ራሱ መናገር አለበት።

ባለወፍጮው ኮፍያውን አወለቀ። ዱቄቱን አራገፈ። ግራና ቀኝ ተገላመጠ። አፉን በኮፍያው ጋርዶ ወደ ሻለቃው ጆሮ ተጠጋ።

«ጌታዬ፣ ዋሽቻለሁ!» ሲል አንሾካሾከ። «ደረቷ ደህና ነው! የደከመው የእኔ ጆሮ ነው! ቺንጋው ሲጢጥ ሲል የምትሰማልኝ እሷ ነች! እሷ ከሄደች ማን እጁን ያነሳልኛል ብዬ ነው! ይህን ሚስቴም አታውቅም፤ ልጅቷም እንዳትሰማ!»

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ሃምሳ አለቃው እንኳ ጫማቸውን አዩ። ትንፋሽ ፊቷን ወደ ርግቦቹ አዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ አቧራ የገባ አስመሰለች።

ሻለቃው «እና ምን ልጻፍ?» አሉ።

«ፈቅጃለሁ ብለው ይጻፉ!» አለ ባለወፍጮው። «ግን በቀላሉ ነው የፈቀደው እንዳይሏት! ትንሽ አንገራግሯል ይበሉልኝ!»

ወደ ቤት ሲመለሱ ጎን ለጎን ሄዱ። ትንፋሽ ቆም ብላ በጣቷ ጠየቀችው፦ ምን አልካቸው?

«ምንም» አለ ባለወፍጮው። «ስለ ስንዴ አወራን።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚህ ምስጢር ላይ የቀረ ነገር ባይኖርም፣ እሷ ልትጠብቅለት ወሰነች።

ከመሄዷ በፊት ባለው ሳምንት እናቷን ወፍጮ ቤት አስገብታ ታስተምራት ጀመር። ዱቄቱ ያስለኛል ብላ በዚያ በር አልፋ የማታውቀው ሴት አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና ቆመች። የቺንጋውን ሲጢጥታ በጆሮዋ አስለመደቻት፤ ጭብጥ እጅ ማንሳትን አሳየቻት። ለምን እንደሆነ እናቷ አልጠየቀችም። አካዳሚው ከሰፈሩ ሩቅ አይደለም፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ እዚያ ዘመድ አላት።

የመጨረሻው ራት ላይ ባለወፍጮው ጉሮሮውን ጠራርጎ ምክር ጀመረ። ስለ ብርድ መከረ፣ ስለ ጓደኛ መከረ፣ ስለ ጫማ መከረ፤ ከዚያም እሱ ጎረምሳ ሳለ ስላደረገው ነገር ሊተርክ ተመቻቸ። እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ባሏን አየች። ከዚያ፣ እንዲያው ለሙከራ ያህል፣ ጭብጥ እጇን ቀስ ብላ ከራሷ በላይ አነሳች።

ባለወፍጮው ቀጥ አለ። ግራ እጁ አየሩን ሳበ።

ማዶ የስፌት መኪናው ቆሞ ነበር፤ ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ መስኮቱ ተከፈተ።

እናቷ እጇን ሳታወርድ ወደ ልጇ ዞረች። ዓይኗ እንደ ሕፃን ዓይን ያበራ ነበር።

«አንቺ ከይሲ!» አለቻት። «ይህን እያወቅሽ እስከ ዛሬ ደብቀሽኝ ኖረሻል?»

ትንፋሽ ድመቷን ከወንበሩ ላይ አንስታ መሬት አስቀመጠቻትና ተቀመጠች። ባለወፍጮው ሁለቱን እየተመለከተ፣ አፉን እንደከፈተ፣ የሚስቱ እጅ እስኪወርድ ጠበቀ። ቶሎ አልወረደም።